አልቀበልም ያለው አውራ ጣቴ

ማክሰኞ፣ የካቲት 9 ቀን

ለልጄ፣ ለመጀመሪያዬም ለመጨረሻዬም፣

ደኅና ነሽ ወይ ብዬ ለመጀመር እጄ ፈራ። ጽሕፈቱ የራሴ ነው፤ ማንንም አላስጻፍኩም። ፊደል የቆጠርኩት አባትሽ ከሞተ በኋላ፣ በስልሳ ሁለት ዓመቴ ነው።

ባለፈው ሳምንት የሰፈራችን ፖስታ ቤት ሊፈርስ ዕቃው ሲወጣ፣ እዚያ የምትሠራ ሴት እኔ እስከምተኩስበት ላውንደሪ መጥታ አንድ ያረጀ ፖስታ ሰጠችኝ። "ከመደርደሪያ ጀርባ ተገኘ፤ ያንቺ ስም ነው" አለች። ካውያዬን አስቀምጬ ፊደሉን በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩ። እውነትም ስሜ ነው። ማኅተሙ የዛሬ አስራ ዘጠኝ ዓመት ነው፤ አንቺ በሄድሽ በዓመቱ። የላኪ አድራሻ ስለሌለው መመለሻ አጥቶ ቀርቷል። ጀርባው ላይ በቀይ ቀለም "ተቀባይዋ አልቀበልም ብላለች" ይላል። ከሥሩ የአውራ ጣት አሻራ አለ፤ መሃሉን የካውያ ጠባሳ ሰንጥቆታል። ጣቴን አጠገቡ አስቀመጥኩ፤ ጠባሳው አንድ ነው።

ነገርን ከሥሩ ብዬ ጡረታ የወጡት ፖስተኛ ቤት ሄድኩ። በረንዳቸው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ፖስታውን ሲያዩ ዓይናቸውን ሰበሩ።

"እትዬ፣ ባለቤትዎ 'አትቀበልም' አሉኝ። ያለ እርስዎ ፊርማ አይሆንም ብላቸው ፖስታውን ይዘው ገቡ።"

"'የመብራት ቤት ወረቀት ነው፣ ጣትሽን ጫኚ' ነበር ያለኝ!"

"እኔ በር ላይ ነበርኩ፤ አልሰማሁም።"

"ጋሼ፣ በየሳምንቱ በደጄ ያልፉ አልነበር? አንድ ቃል ትንፍሽ ቢሉ ምን ነበረበት?"

"አልጠየቁኝማ" አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ዕድሜዬን ሙሉ አባትሽ ጫኚ ሲለኝ ጫንኩ፤ ምን እንደሆነ አንድ ቀን አልጠየቅኩም። ነፍስ ይማር እንዳልል ምላሴ እምቢ አለኝ፤ እንዳልረግመው ሞቷል።

ፖስታውን አራት ቀን ሳልከፍት ቆየሁ። ትራሴ ሥር እባብ የተኛ ይመስል ዳር ዳር ተኛሁ። እሑድ ጠዋት ከፈትኩት።

"እማ፣ የምታምኚው ሰው ያንብብልሽ። አባዬ እንዳያውቅ አድራሻዬን ከውስጥ አድርጌዋለሁ። በሚቀጥለው ወር እወልዳለሁ። ሐኪሟ የልጁ አቀማመጥ ልክ አይደለም አለችኝ። ፈርቻለሁ። ነይልኝ። ካልመጣሽ እንደጠላሽኝ ይገባኛል፤ ሁለተኛ አላስቸግርሽም።"

ሁለተኛ አልጻፍሽም። ይህን ሁሉ ዓመት ጨካኝ ልጅ ወለድኩ፣ ኩራቷ በለጠባት እያልኩ በየጎረቤቱ ሳማሽ ኖርኩ። ዝምታሽ ኩራት ባይሆንስ? ይህችን ሐሳብ እጀምራታለሁ እንጂ አልጨርሳትም።

ፊደል የምታስተምረኝ ልጅ አስራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ትናንት ደብተሬን ልታርም አጠገቤ ስትቀመጥ ፊቷን ማየት አቃተኝ።

ይህን የምልከው አንቺ በጻፍሽው አድራሻ ነው። ቤቴን አልለወጥኩም፤ አድራሻዬን ከላይም ከውስጥም ጽፌዋለሁ። ቁጣ ካለሽ ቁጣሽን ጻፊልኝ፤ እሱን የመሰለ ደስታ የለኝም። ይህን የከፈተው ሌላ ሰው ከሆነ ደግሞ፣ ማንም ብትሆን፣ የሆነውን ሳትደብቅ ጻፍልኝ። ክፉም ቢሆን ራሴ አነበዋለሁ።

ያለሽበት ቤት በሩ ለሐዘን አይከፈት። ለልጅሽ ዕድሜ ከጤና ይስጥልኝ።

እናትሽ፣
በጣቴ ሳይሆን በእጄ የፈረምኩት