በፊኛ የተሰማ ዘፈን

ለማትጠገቢው እናቴ፣

እንዴት ከረምሽ? ጉልበትሽስ ደረጃ መውጣቱን ፈቀደልሽ? አባዬስ ሳሉ ተወው? እኛ በጣም ደህና ነን። እኛ ስል ፊትሽ እንደሚጨልም አውቃለሁ፤ ግን ምን ላድርግ፣ እኛ ነን።

ባለፈው ቅዳሜ ከባሌ ጋር ኮንሰርት ሄድን። መስማት የተሳነው ሰው ኮንሰርት ምን ሊሠራ ብለሽ ስትስቂ ይታየኛል። ሳቂ፣ እኔም ስቄአለሁ። ገቢው እሱ ለተማረበት፣ መስማት ለተሳናቸው ልጆች ትምህርት ቤት ተጨማሪ ክፍል ማሠሪያ ነው። ከየአገሩ የመጡ ሙዚቀኞች በነፃ ተጫወቱ። የአዳራሹን ወንበሮች የጠገነው እሱ ስለሆነ ሁለት ትኬት ሰጡት።

በር ላይ ለእያንዳንዳችን ፊኛ አደሉን። እኔ ጅሏ ለጌጥ መስሎኝ የኔን ከፊታችን ለተቀመጠች ሕፃን ሰጠኋት፤ የሱንም ልጨምርላት ስል እጄን ያዘኝ። ፊኛውን ደረቱ ላይ አቀፈው። ከበሮው ሲጀምር ነው የገባኝ፤ ድምፁ ፊኛውን ያንቀጠቅጠዋል፣ ፊኛው ደግሞ ደረቱን። ዓይኑን ጨፍኖ ትከሻውን ሲነቀንቅ ብታዪው! ከኔ በላይ ምት ይጠብቃል። እኔማ እንደምታውቂኝ ነኝ፣ ጭብጨባው እንኳ ይጠፋብኛል።

ኋላ አንዲት ሴት ብቻዋን ቆማ በቀስታ ዘፈነች። እንባዬ ዝም ብሎ ወረደ። ባሌ አየኝና ምን እያለች ነው ሲል በእጁ ጠየቀኝ። ቋንቋውን አላውቀውም አልኩት። አዳራሹን ዞር ብሎ ቃኘና እነዚህስ ያውቁታል ወይ አለኝ። አይመስለኝም አልኩት። ታዲያ ዛሬ ሁላችንም እኩል ነን ብሎ ሳቀ። ያን ሳቅ ብትሰሚው እንዲህ አትጨክኚበትም ነበር።

ከሠርጋችን ስለቀረሽ አልተቀየምኩም ብል ውሸት ነው። ለማይሰማ ሰው ልጄን አልሰጥም፣ ብትጣሪ ማን ይደርስልሻል አልሽ። አባዬ በሁለት ደህና ጆሮው ስንቴ ስትጠሪው ነው አቤት የሚለው? ባሌ ገና ፊቴን ሲያይ ይደርስልኛል።

መጨረሻ ላይ ሙዚቀኞቹ ሁሉ አንድ ላይ ሲጫወቱ፣ ፊኛውን ከደረቱ አንስቶ ሆዴ ላይ አስደገፈው። ዘፈኑ እስኪያልቅ አላነሳውም። ለምን እንደሆነ ሦስት ለወለድሽው ላንቺ አላስረዳም።

ነይልኝ። ቂሙ የኔና ያንቺ ይሁን፤ እሱ አንድ ቀን እንኳ ስምሽን በክፉ አላነሳም። እኔ ደግሞ እፈራለሁ፤ ያላንቺ አልችለውም። ዕድሜ ከጤና ይስጥልኝ፣ ምርቃትሽ ከቤቴ አይራቅ።

ስትመጪ በሩን አታንኳኪ። ደወሉን ተጫኚው፣ ሳሎን ውስጥ አምፖል ይበራል። የኮንሰርቱ ማታ እናቴን ልጠራት ነው ካልኩት ወዲህ፣ በበራ ቁጥር፣ አንቺ እየመሰልሽው፣ ቀድሞኝ የሚሮጠው እሱ ነው።

የምትናፍቅሽ የበኩር ልጅሽ