አባዬ ዛሬ ያላት ቃል

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 14

አባዬ ዛሬ ተናገረ። ስትሮክ ከመታው ወዲህ ሁለት ወር ሙሉ አንድም ቃል ከአፉ አልወጣም ነበር። ባለፈው ሳምንት ዶክተሩ ብዙ ተስፋ እንዳላደርግ ስለነገረኝ፣ ዛሬ ዳውንታውን ወደ ንግግር ሕክምናው የወሰድኩት ለወጉ ያህል ነበር።

ተራ ስንጠብቅ ግድግዳው ላይ በፍሬም የተሰቀሉትን ሥዕሎች ማየት ጀመረ። በትልልቅ ሰዎች ላይ የሚያሾፉ የድሮ የፈረንሳይ ጋዜጣ ሥዕሎች ናቸው። አንዱ ላይ ቦርጫም ሐኪም በአንድ እጁ የበሽተኛውን የልብ ምት ይለካል፣ በሌላው የበሽተኛውን ኪስ ይበረብራል። አባዬ ዊልቸሩን ወደዚያ እንድገፋለት በግራ እጁ ጠቆመኝ። ብዙ አየው። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ደነገጥኩ፤ ለካ እየሳቀ ነው። ከዚያ ጣቱን ሐኪሙ ላይ ቀስሮ፣ "ሌ... ሌባ!" አለ።

ቴራፒስቷ ሮጣ መጣች።

"ምን አለ?"

አፈርኩ፣ ግን ተርጉሜ ነገርኳት። ከት ብላ ሳቀች።

"ቃሉም ልክ ነው፣ ቦታውም ልክ ነው። ይሄ ትልቅ ነገር ነው" አለችኝ።

መኪና ውስጥ እንደገና ዝም አለ። ነገ ይናገር አይናገር አላውቅም። ቤት እንደገባን ካናል ዊንቸስተር ከተማ ላለው ወንድሜ ኮል አደረግኩለት።

"አባዬ ተናገረ! ሌባ አለ።"

"ማንን?"

"ሥዕል ላይ ያለውን ሐኪም።"

"እሱ ራሱ ነው! የድሮው አባዬ ነው!" አለና ሳቀ። ከዚያ ሲያለቅስ ሰማሁት። እኔም ስልኩን ሳልዘጋ አብሬው ቆየሁ።