ሳይገድል ዓይን ስለሚያጠፋው ብርሃን

አባዬ፣

ካጣሁህ ዓመት ከአራት ወር ሆነኝ። በፈቃድ መጥቼ በአንተ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፍልህ። አሶሳ የክልል ከተማ ከሆነች ወዲህ በየአቅጣጫው ቢሮ ይከፈታል፤ በርና መስኮት የሚያሠራውም በዝቷል። ኖረህ ቢሆን ምሳ የምትበላበት ጊዜ አታገኝም ነበር። የብየዳ ቤትህን የተከራየው ሰው እጁ ጥሩ ነው። ግን ብየዳ ሲጀምር እንዳንተ «ዓይን!» ብሎ አላፊ አግዳሚውን አያስጠነቅቅም። እማዬ ደጋግማ ነገረችው፤ በጄ አላለም።

እኔ አሁንም የሠራዊቱን መሣሪያ ከሚመረምሩት አንዷ ነኝ። በቅርቡ የውጭ ነጋዴዎች አንድ አዲስ ነገር አሳዩን። ጥይት የለው፣ ድምፅ የለው፤ ከሩቅ ጨረር ይለቅና ወደ እሱ ያየውን ሰው ዓይን ያጠፋል፣ ለዘለቄታው። ስለማይገድል ርኅራኄ ያለበት መሣሪያ ነው አሉን። ይገዛ ወይስ አይገዛ ብለን ሐሳብ የምንሰጠው አምስት ነን። አራቱ ይገዛ ብለዋል። አለቃዬ፣ እናት ሬሳ ከሚመጣላትና ዓይኑ የጠፋ ልጅ ከሚመጣላት የቱን ትመርጣለች ብሎ ጠየቀኝ።

አሚና ግን ከፊቴ አልሄድ አለች። ከደጃችን ማንጎ የምትሸጠዋ የበርታ ሴት፣ ታስታውሳታለህ። አንተ ውሃ ልትጠጣ ገባ ስትል፣ ያቺ የአሥራ ሁለት ዓመት ጉረኛ ልጅህ የፊት መከለያህን አጥልቃ፣ «ዓይን!» ብላ ሳትጮህ፣ የብየዳውን ኤሌክትሮድ ብረቱ ላይ ጫረችው። አሚና ቀና ብላ አየች። በማግስቱ ዓይኗን መግለጥ አቃታት። አልመታኸኝም። ድንች ቆራርጠህ ዓይኗ ላይ ካደረግህላት በኋላ፣ እስክትድን የምትመሪያት አንቺ ነሽ አልከኝ። ወደ ሽንት ቤት፣ ወደ ውዱእ ውሃዋ፣ ወደ መኝታዋ መራኋት። በገዛ ግቢዋ መንገድ ጠፍቷት ክንዴን ስትጨመድድ ጥፍሯ ይሰማኝ ነበር። በሦስተኛው ቀን ዓይኗ በራላት። የዚህኛው ብርሃን ሦስተኛ ቀን የለውም፣ አባዬ።

ጥይትም ዓይን እንደሚያጠፋ አውቃለሁ። ይኼ ግን ሆን ተብሎ ለዓይን የተሠራ ነው። ከሜዳው ማዶ ማሽላ የሚያርም ገበሬ ቀና ቢልስ? ማን ጮሆ ያስጠነቅቀዋል?

ትናንት አይገዛ ብዬ ጽፌ ፈረምኩ። ለእማዬ ስነግራት፣ ሌላ አገር ገዝቶ በቶለራ ላይ ቢያዞረውስ አለችኝ። ታናሽ ወንድሜ ቶለራ አሁን ድንበር ላይ ነው፤ ወታደር ሆኗል። ከዚያ ወዲህ እህል አልቀመሰችም። እኔም ወረቀቱን ሰኞ እስካስገባው በእጄ ይዤዋለሁ፤ ልቀድደው እችላለሁ፣ አልቀድደውም።

በሕይወት እስካለሁ ከልቤ አትወጣም፣ ያስተማርከኝም እንደዚያው። ቶለራ አንድ ቀን ግድግዳ እየዳበሰ ቢገባ ግን እጁን ይዤ የምመራው እኔ ነኝ፤ ምን ብዬ እንደፈረምኩ የምነግረውም እኔው ነኝ።

ልጅህ