ስለ አሻንጉሊቱ አንገትና ስለ ባለቤቴ እጅ

ለጤና ጣቢያው ኃላፊ
ባሉበት

ቀን፦ ሰኞ፣ መጋቢት 9

አመልካች፦ በቅዳሜው የነፍሰ ጡሮችና የአጃቢዎች ትምህርት በተራ ቁጥር 14 የተመዘገብኩ፣ በሙያዬ ልብስ ሰፊ

ጉዳዩ፦ በባለቤቴ ላይ የተጣለው እገዳ ተነስቶ፣ በምወልድበት ጊዜ አጠገቤ እንዲቆም የአጃቢነት ካርድ የማግኘት መብቱ እንዲመለስለት ስለመጠየቅ

ክቡር ኃላፊ፣

ሥራ እንደሚበዛብዎ አውቃለሁ፤ ከበርዎ ውጭ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ሁለት ቀን ተቀምጬ አይቻለሁ። ስለዚህ አሳጥሬ ልጽፍ አስቤ ነበር፤ አልሆነልኝም። ቢሆንም ለእያንዳንዱ አንቀጽ ቁጥር ሰጥቼዋለሁና፣ የሰለቸዎት ቦታ ላይ ምልክት አድርገው ሻይዎን ጠጥተው መመለስ ይችላሉ።

1. የመጀመሪያ ልጄን አርግዣለሁ። በሲስተር ስሌት ለመውለድ ሦስት ሳምንት ይቀረኛል። በአማቴ ስሌት ደግሞ ሁለት፤ እሳቸው የሚያሰሉት ከወንበር ስነሳ አይተው ነው። እኔ ከሁለቱም ጋር መጣላት ስለማልፈልግ ለሁለቱም እሺ ብያለሁ።

2. ጤና ጣቢያው ለነፍሰ ጡሮች ሦስት ዓይነት ትምህርት ይሰጣል። በሩ ላይ የተለጠፈው ማስታወቂያ ‹እናቶች የሚስማማቸውን ይምረጡ› ይላል። እኔ ጨርቅ እንኳ ሳልዳስስ የማልገዛ ሰው ነኝ፤ ስለዚህ ሦስቱንም አንድ አንድ ጊዜ ገብቼ አየሁ።

የማክሰኞው በንግግር የሚሰጥ ነው። መምህሩ ጥሩ ሰው ናቸው፤ ከወረቀታቸው ቀና ብለው ቢያዩን ደግሞ የበለጠ ጥሩ ይሆኑ ነበር። ስለ ምጥ አርባ ደቂቃ ሲናገሩ ‹ሕመም› የሚለውን ቃል አንድም ጊዜ አላነሱም፤ ‹መለስተኛ የምቾት መጓደል› አሉ። ከኋላዬ የተቀመጠች አራት የወለደች ሴት ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ወጣች፤ እስከ መጨረሻውም አልተመለሰችም። የሐሙሱ የአተነፋፈስ ነው። ምንጣፍ ላይ ተጋድመን፣ ዓይናችንን ጨፍነን፣ ወንዝ ዳር እንዳለን እንድናስብ ታዘዝን። እኔ ታዘዝኩ፤ እንቅልፍ ወሰደኝ። የቀሰቀሰችኝ ምንጣፉን ልትጠቀልል የመጣችው የጽዳት ሠራተኛ ናት።

ቅዳሜ ግን ነፍሰ ጡሯ የምትማረው ከአጃቢዋ ጋር ነው። ስድስት ቅዳሜ ያጠናቀቀ አጃቢ ካርድ ይሰጠዋል፤ ወደ ማዋለጃ ክፍል የሚገባውም ያንን ካርድ የያዘ ብቻ ነው። ይህን ስሰማ ምርጫዬ አለቀ። መመዝገቢያ ቅጹ ላይ ‹የመረጡበት ምክንያት› በሚለው ቦታ ‹ለቤቴ ስለሚቀርብ› ብዬ ሞልቻለሁ። ሦስቱም የሚሰጡት አንድ ክፍል ውስጥ መሆኑን ያየ ሰው ያለ አይመስለኝም። እውነተኛው ምክንያት ፍርሃት ነው። ብቻዬን ሆኜ መውለድ እፈራለሁ። ቀኑን ሙሉ ከደንበኛ ጋር ስቀልድ የምውል ሴት ስለሆንኩ ይህን ብናገር የሚያምነኝ የለም። ባለቤቴ ግን ሳልነግረው ገብቶት ቅዳሜ ቅዳሜን ከሥራው አስፈቀደ።

3. ባለቤቴ መስታወት ገጣሚ ነው። ቁመቱና እጁ ሲታይ ድንጋይ ፈላጭ ይመስላል፤ በዚህ ምክንያት ብዙ ሰው ይሳሳታል። በአሥራ አንድ ዓመት ሥራው የሰበረው መስታወት ሁለት ብቻ ነው፤ አንዱም የተሰበረው ከመንገዱ ማዶ ሆኜ በስሙ ስጠራው ዘወር ብሎ ነው። ክቡርነትዎ ከወንበርዎ በስተጀርባ ያለውን መስኮት ቢመለከቱ ደስ ይለኛል። ያ ሰፊ መስታወት ሦስት ፎቅ ደረጃ በትከሻው ወጥቶ የገባ ነው። ይህን ማመልከቻ የሚያነቡበት ብርሃን የሚገባው በእሱ እጅ ሥራ በኩል መሆኑን ሳልጠቅስ ባልፍ ደግ አይሆንም።

4. በአራተኛው ቅዳሜ የተማርነው ሕፃን ማጠብ ነበር። ክፍሉ ያለው አሻንጉሊት አንድ ነው፤ ከጨርቅ የተሰፋ፣ ከአገልግሎት ብዛት ዓይንና አፍንጫው የጠፋ፣ እኛ ተማሪዎች ‹ጡረተኛው› የምንለው። ውሃ ከነካው እስከሚቀጥለው ቅዳሜ ስለማይደርቅ ገንዳው ባዶ ነው፤ ውሃውን የምናስበው በልባችን ነው። የባለቤቴ ተራ ደረሰ። ሲስተር እንዳሳዩት ግራ እጁን ከጭንቅላቱ ሥር፣ ቀኝ እጁን ከጀርባው ሥር አስገብቶ ቀስ ብሎ አነሳው። እኔ ኮርቼ ዙሪያዬን እየቃኘሁ ነበር።

ጭንቅላቱ ግራ እጁ ላይ ቀረ። የተቀረው ገንዳው ውስጥ ወደቀ።

ከሁለተኛው ረድፍ አንዲት እናት አለቀሰች፤ የአንዷ አጃቢ የሆነ ጎልማሳም ራሱን ስቶ ከነወንበሩ ተገለበጠ። ሲስተር ወደ ወደቀው ሰው ሮጡ። ባለቤቴ ጭንቅላቱን ይዞ ቆመ፤ ሁሉም ሰው ያየዋል። የሚያደርገው ጠፋውና ኮት ኪሱ ውስጥ ከተተው።

5. በሦስተኛው ቀን የደረሰን ደብዳቤ ባለቤቴ ‹ለጨቅላ ሕፃን ደኅንነት አስጊ የሆነ አያያዝ› በማሳየቱና ‹የንብረቱን ክፍል ለመሰወር በመሞከሩ› ከቅዳሜው ትምህርት መታገዱን፣ እኔም አጃቢ ወደማያስፈልግበት ወደ ማክሰኞው መዛወሬን ይገልጻል። ስለ ኪሱ የምከራከረው ነገር የለኝም፤ ከትቷል። ዝውውሩን ግን በትሕትና እቃወማለሁ። ማክሰኞን ገብቼ አይቼ የተውኩት ነው። ማስታወቂያው ‹ይምረጡ› ካለ፣ መርጫለሁ።

6. ደብዳቤው ያላወቀው ሌላ ጉዳት አለ። ባለቤቴ ቀድሞ ከሥራ ሲመለስ እጁን ታጥቦ፣ መዳፉን ሆዴ ላይ ያሳርፍና ልጁ እስኪራገጥ ይጠብቅ ነበር። ወንድ ይሁን ሴት ስላላወቅን በአንቱታ ‹እንዴት ዋሉ?› ይለዋል። ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ አልነካኝም። በር ላይ ቆሞ ልጁ እንዴት እንደዋሉ እኔን ይጠይቀኛል። የጎረቤታችንን ሕፃን እቀፍ ሲሉት እጄ ቆሽሿል ይላል፤ እጁ ንጹሕ ነው፣ አይቻለሁ። ክቡር ኃላፊ፣ ይህ ያመኛል።

7. እስካሁን የጻፍኩት ሁሉ እውነት ነው፤ ሙሉ ግን አይደለም።

አሻንጉሊቱን እንድጠግን ከሲስተር በፊርማ ተረክቤ ወደ ሱቄ ወስጄው ነበር። ሐሳቤ ስፌቱን በባለሙያ ዓይን መርምሬ፣ ጥፋቱ የባለቤቴ ሳይሆን የሰፊው መሆኑን ለማስረዳት ነው። እንዲያውም ማመልከቻውን ጀምሬው፣ ‹ይህን የመሰለ ግዴለሽ ሥራ የሠራ ሰው ዳግመኛ መርፌ ሊይዝ አይገባም› የሚል ዓረፍተ ነገር ጽፌ፣ ጮክ ብዬ አንብቤው በራሴ ተደስቻለሁ።

ከዚያ አንገቱን ፈታሁት። ክሩ ነጠላ ነው። ስፌቱ ለጊዜው ለመያዣ ብቻ የሚጣል፣ በመሃሉ ጣት የሚያሳልፍ የእጅ ስፌት ነው። መርፌው የሄደው ከግራ ወደ ቀኝ ነው፤ የሰፋው ግራኝ ነው ማለት ነው። በዚህ ገበያ ግራኝ ልብስ ሰፊ አንዲት ብቻ ናት። ልቤ እምቢ ስላለኝ ሆዱንም ከፈትኩት፤ የተጠቀጠቀው የአረንጓዴ ተማሪ ዩኒፎርም ቁርጥራጭ ነው። ያን ዩኒፎርም ከሰባት ዓመት በፊት የሰፋው የአክስቴ ሱቅ ነው፤ አክስቴ ዘንድ ሙያ ስማር የነበርኩት ደግሞ እኔ ነኝ። እጄን በአፌ ጫንኩ።

ሁሉም ነገር መጣልኝ። የጤና ጣቢያው ዕቃ ግዢ ሠራተኛ በሩ ላይ ቆመው ቶሎ በይ ሲሉኝ፣ አንገቱን ለጊዜው ያዝ አድርጌ፣ ነገ በድርብ ክር አጠብቀዋለሁ ብዬ ነበር። ነገ ሳይመጣ ዕቃው ሄደ። ሰባት ዓመት ሙሉ ስንት አባት ያን አንገት አምኖ እንዳነሳው ሳስብ ይዘገንነኛል። ከዚያ ሁሉ አባት መርጦ የእኔው ባል እጅ ላይ መውለቁ፣ ሥራ ለሠሪው እሾህ ላጣሪው ማለት ነው።

8. ይህን ለባለቤቴ አልነገርኩትም። ሆድ ይፍጀው እንዳልል፣ ሆዴ በአሁኑ ሰዓት ሌላ ተከራይ ይዟል። ያልነገርኩት አንደኛ ስላፈርኩ ነው። ሁለተኛውን ምክንያት መጻፍ አልነበረብኝም፤ ግን እውነትና ንጋት እያደር ይጠራልና እኔው ላጥራው። ባለቤቴ ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ በጸጸት ሳህን ያጥባል፣ ልብስ ያሰጣል፣ ወለል ይወለውላል። መስታወት ገጣሚ ሳህን ሲያጥብ አይተው አያውቁ ይሆናል፤ ወደ ብርሃን ዘቅዝቆ ጣት የነካው ቦታ እንዳለ ያያል። ሦስት ሳምንት ሙሉ እግሬን ትራስ ላይ ሰቅዬ ይህን ተመለከትኩ። ደስ ብሎኝ ነበር፤ አልክድም።

ባለፈው ሐሙስ ግን እናቱን፣ ልጁ ጠንከር እስኪል ድረስ የምትይዥው አንቺ ነሽ፣ እኔ ከሩቅ አየዋለሁ ሲላቸው ሰማሁት። ከዚያ በኋላ ትራሱ አልተመቸኝም፤ በማግሥቱም ይህን ማመልከቻ እንደ አዲስ መጻፍ ጀመርኩ።

9. ስለዚህ የሚከተለውን በአክብሮት እጠይቃለሁ፦

ሀ) የባለቤቴ እገዳ ተነስቶ፣ ጡረተኛው እኔ ዘንድ በመሰንበቱ ሳይሰጡ የቀሩትን ሁለት ቅዳሜዎች እንዲማርና ካርዱን እንዲያገኝ። የአማቴ ስሌት ትክክል ከሆነ ያለን ሁለት ቅዳሜ ብቻ ነው፤ የእሳቸው ስሌት ደግሞ ስቶ አያውቅም።

ለ) በሁሉም ሰው ፊት አሻንጉሊቱን እንደገና እንዲያጥብ። አሻንጉሊቱን ከዚህ ማመልከቻ ጋር መልሻለሁ። አንገቱ በሰም በታሸ ድርብ ክር አምስት ዙር ተሰፍቷል። እኔ በአንድ በኩል፣ የሱቅ ጎረቤቴ ጫማ ሰፊው በሌላ በኩል ሆነን ጎትተን ሞክረነዋል፤ ጫማ ሰፊው እግሩን ግድግዳ ላይ አስደግፎ ነው የጎተተው። ወንበር ይዞ የወደቀው ጎልማሳ ግን ለጥንቃቄ ያህል መሬት ላይ እንዲቀመጥ ይደረግ።

ሐ) ጥፋቱ የእኔ ስለሆነ ቅጣቱ ወደ እኔ እንዲዛወር። ቅጣቱ ከማዋለጃ ክፍል መታገድ ከሆነ በደስታ እቀበላለሁ፤ በዕለቱ እኔን ተክቶ የሚወልድ ሰው ጽሕፈት ቤቱ ከመደበልኝ።

10. ይህ ቁጥር በኋላ የተጨመረ ነው። ማመልከቻውን ባለቤቴ ሳያውቅ ላስገባ ዛሬ ጠዋት መጥቼ ነበር። መዝገብ ቤት ያሉት ሴትዮ ግን የታገደው ሰው ራሱ አንብቦ ካልፈረመ አልቀበልም ብለው መለሱኝ። ሆዴንም አሳየኋቸው፤ አልራሩም። ደንቡ ደንብ ነው።

ስለዚህ ወደ ሥራ ቦታው ወሰድኩለት፤ ይህንንም የምጽፈው እዚያው፣ መስታወት በሚቆርጥበት ጠረጴዛ ጫፍ ላይ ነው። ቆሞ ማንበብ ጀመረ። ሰባተኛው ላይ ሲደርስ መቀመጫ ፈለገ። ስምንተኛውን ሁለት ጊዜ አነበበው፤ በሁለተኛው ጊዜ ቀና ብሎ አየኝ፣ እኔም መስታወቶቹን እቆጥር ጀመር። ወረቀቱን አስቀምጦ ሄዶ እጁን ታጠበ፣ አደረቀ፣ መጥቶ ፊቴ ተንበረከከ፣ መዳፉን ሆዴ ላይ አድርጎ በእኔ ላይ ያለውን አቤቱታ በአንቱታ፣ አንድ በአንድ፣ ለልጁ አቀረበ። ይዘቱ ለመሥሪያ ቤት የሚጻፍ አይደለም። ረጅም ነበር፤ እጁን አንዴም አላነሳም። ሲጨርስ እስክሪብቶ ጠየቀኝ።

ከአክብሮት፣ ከይቅርታና ከሰላምታ ጋር

አመልካች፦ ልብስ ሰፊዋ (ፊርማ)

አንብቦ የተስማማ፦ መስታወት ገጣሚው (ፊርማ)