አዲስ የመጣችው አንዲት ብቻ ናት

ዓርብ፣ ጥር 9። ጅዳ፣ ሸረፊያ።

ከአሠሪ ማዳም ቤት ወጥተን ሥራ ያጣን ሴቶች ተጠጋግተን ወደምናድርበት ክፍል በዚህ ሳምንት የመጣችው አንዲት ልጅ ብቻ ናት። ከአገር ቤት ሴቶችን ለሥራ የሚያስመጣው ደላላ ይህን ሲሰማ ደስ አለው።

"አልሐምዱሊላህ፣ ሥራ ተሻሻለ!" አለ።

ከረመዳን ጀምሮ ሥራ ያጣችው ዘይነባ ተቆጣች። "የመጣችውን ብቻ ነው የምትቆጥረው? ከእኛ ውስጥ ሥራ አግኝታ የሄደች አለች? ይኸው በአንድ ፍራሽ ሁለት ሁለት ሆነን እየተኛን ነው!"

ደላላው ስልኩን አንስቶ ወጣ። ለካ ደሴ ላለችው እህቴም ደውሎ ያንኑ ነግሯታል። ከሰዓት ደወለችልኝ።

"ሥራ ሞልቷል አሉ፤ ልምጣ?"

"ኧረ ተይ፣ እኔ ራሴ ቁጭ ብያለሁ" አልኳት።

"አንቺ ሄደሽ የለ!" ብላ ዘጋችብኝ።

መልሼ ስደውል እናቴ አነሳች።

"ለፓስፖርት ፎቶ ልትነሳ ወጣች" አለችኝ።