አየለችን ሊጠይቁ የመጡት ሽማግሌዎች

ውድ አባዬ፣

ከተለየኸን ይኸው ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ደብዳቤውን «አንቱ» ብዬ ልጀምር አሰብኩና ሳቄ መጣ። ልጅ ሆኜ እንግዳ ፊት አንቱ ብልህ ወደ በሩ ዞረህ «ማነው የመጣው?» ያልከኝ ትዝ አለኝ። ስለዚህ እንደ ድሮው አንተ ነህ።

እኛ ደህና ነን። ዝናብ በመጣ ቁጥር ባልዲ የምንደቅንበት የሳሎኑ ጥግ ቆርቆሮው ተቀይሯል። ባለቤቴ ሳሙኤል ራሱ ጣራ ላይ ወጥቶ ሲመታ አውራ ጣቱን ሁለቴ ቀጠቀጠው። የሰው ቁስል ሲያሽግ የሚውል ድሬሰር የራሱን ጣት ለመጠቅለል እኔን ጠራ! ጓሮ የተከልካቸው እንሰቶች ጣራውን ሊያልፉ ነው። ትምህርት ቤት አንተ ክፍል አዲስ መምህር ገብቷል፣ ደግ ሰው ነው። የጥቁር ሰሌዳ ጽሑፉ ስለሚነበብ ተማሪዎቹ መጀመሪያ ግራ ገብቷቸው ነበር አሉ። እኔ ደግሞ ሴት ልጅ ወለድኩ። ስሟን ኋላ እነግርሃለሁ፤ አንተም ዋናውን ነገር እያቆየህ ስንቱን ሰው አንገብግበሃል።

የጻፍኩልህ ስለ መጽሐፍህ ነው። አዲስ አበባ ያለ አንድ ማተሚያ ቤት ሊያትመው ፈቅዷል፤ እኔ የገለበጥኩትን ከረቂቅህ ጋር አስተያይቼ እንድልክ ጠየቁኝ። ባለፈው ሳምንት አልጋህ ሥር ያለውን የቆርቆሮ ሳጥንህን ከፈትኩ። ያገኘሁትን ለማንም አልተናገርኩም፤ ለአንተ ግን ሳልነግርህ መቀመጥ አልቻልኩም። የደበቅኸው አንተ ነህና አትደነቅም።

አጻጻፍህን ሳስብ ሁልጊዜ ጠዋት ነው የሚታየኝ። የትምህርት ቤቱ ደወል ሳይደወል በረንዳ ላይ፣ ያች እግሯ የሚወዛወዝ ጠረጴዛ ፊት፣ ኮትህን በፒጃማህ ላይ ደርበህ። እኔ አጠገብህ ለቁርስ የሚቀቀል የቦዬ ሥር ስልጥ አንድ ገጽ ታነብልኝና ፊቴን ታያለህ። ካልሳቅኩ ትሰርዛለህ። የእጅ ጽሑፍህ ዶሮ የጫረችው ስለሚመስል፣ እናቴ ካረፈች ወዲህ በንጹሕ ደብተር የምገለብጠው እኔ ነበርኩ። አንድ ጊዜ ሰማያዊ ቀለም እንዲያመጣልህ የላክኸው የትሬንታ ኳትሮ ጭነት መኪና ሾፌር ከአዲስ አበባ አረንጓዴ ይዞ መጣ። «ይሄ የኢንስፔክተር ቀለም ነው» እያልክ እያጉረመረምክ ጻፍክበት። ሰኔ ላይ ትምህርት ቤት ሲዘጋ አለቀ፤ ብልቃጡን አጥቤ መርፌ አስቀመጥኩበት። ከዚያ በኋላ አረንጓዴ ቀለም ቤታችን ገብቶ አያውቅም። ይህን ያዝልኝ።

መጽሐፉ የወጣቶች የፍቅር ታሪክ ነበር። አየለች ተበላ ከተማ ያለ የጥጥ ነጋዴ ልጅ፣ ኤልያስ የቦዲቲ ልጅ፣ ሁለቱም ሶዶ ለትምህርት መጥተው ይተዋወቃሉ። መስከረም ላይ ትምህርት ሲከፈት ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ክፍልህ ውስጥ አንድ አንድ ምዕራፍ ታነብ ጀመር። መጀመሪያ ተማሪዎች ብቻ ነበሩ፤ ቀጥሎ እናቶቻቸው መጡ፤ ኋላ መስኮቱ በሰው ተሸፈነ። አማርኛ ለማይገባቸው አንዱ ወደ ወላይትኛ እየመለሰ፣ የራሱንም እየጨመረ ይነግራል። ከጸሎት ቤት የመጡት ሽማግሌ ልብ ወለድ ማለት ውሸት መሆኑን ሲሰሙ አዘኑ፤ ቢሆንም አየለች ተጠምቃ እንደሆነ ጠየቁህ። በሚቀጥለው ሳምንት አጠመቅሃት፤ ሰውየውም አንድም ቅዳሜ አልቀሩም።

ጥቅምት ላይ የአየለች አባት ኤልያስን ከደጃፉ አባረረው። እዚያ ላይ ደብተሩን ዘጋህና ቀጣዩ ምዕራፍ ገና አልተጻፈም፣ አባትየው እምቢ ብሏል፣ እኔም መጨረሻውን አላውቀውም አልክ። ጉድ ፈላ! ቅቤ የምትሸጥልን ሴትዮ ሰላምታ ነሳችን። ገበያ ስሄድ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ አንተ ጤና ሳይሆን ስለ አየለች ነበር።

እኔ ደግሞ የራሴ አየለችነት ነበረብኝ። ሳሙኤል ኦቶና ሆስፒታል ይሠራ ነበር። ከበልግ ጀምሮ ማታ ማታ ጀምበር ሳትጠልቅ በብስክሌት በቤታችን በኩል ሲያልፍ መዝሙር ያፏጫል፤ እኔ ዶሮ ላስገባ ብዬ ወደ አጥሩ እሄዳለሁ። አንተ ቀና ብለህ አይተህ አታውቅም። አንድ ቀን ብቻ የምን ፉጨት ነው ብትለኝ ወፍ ነው አልኩህ፤ መጻፍህን ቀጠልክ። ሳሙኤል ሽማግሌ ሊልክ ነበር፤ እኔ ግን ትሰጠኛለህ ብዬ አላመንኩም። እኔ ከሄድኩ ብቻህን ልትቀር ነው፤ ጽሑፍህንም ከእኔ በቀር የሚያነብ ሰው ሶዶ ውስጥ አልነበረም።

ኅዳር ላይ እሑድ ከጸሎት በኋላ አቶ አንጁሎ፣ ያ የዝንጅብል ነጋዴው ጎረቤታችን፣ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትሎ መጣ። ጋቢ ለብሰዋል፣ ዘንግ ይዘዋል። ተቀመጡ ብትላቸው የመጣንበት ሳይሰማ አንቀመጥም አሉ። እኔ ጓዳ ውስጥ ሆኜ ሰማሁ። ሳሙኤል ልኳቸው ነው ብዬ በር ስንጥቅ ላይ ተለጠፍኩ። አቶ አንጁሎ ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ ልጅዎን ለልጃችን እንዲሰጡን ለመጠየቅ ነው አለ። ዓይኔን ጨፈንኩ። ቀጥሎ «አየለችን ለኤልያስ» ሲል ያልሳቅኩት በድንጋጤ ነው።

ሌላ ሰው ቢሆን ያባርራቸዋል ወይም ይስቅባቸዋል። አንተ ግን ተነሥተህ ቆምክ፣ የኮትህን ቁልፍ ቆለፍክ፣ ጥያቄያችሁን ሰምቻለሁ፣ ከዘመድ ልማከር አልካቸው። ከማን ዘመድ ጋር ነው የምትማከረው አባዬ? አየለች እኮ የወረቀት ልጅ ናት! በሁለት ሳምንታቸው ተመለሱ። ያን ጊዜ ደግሞ ልጅቷ ትምህርቷን ትጨርስ ብለህ መለስካቸው። ሳሙኤል ይህን ሲሰማ ብስክሌቱን ተደግፎ ቀረ። ለወረቀት ሙሽራ ይህን ያህል የከበደ አባት ለእኔማ ምን ሊል ነው አለኝ። ጨነቀኝ፤ ሁለት ቀን በወጉ አልበላሁም። በመጨረሻ የራሱን ጥያቄ ለእነዚያው ሽማግሌዎች እንዲሰጥ ነገርኩት። ቢያንስ መንገዱን ለምደውታል።

ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጡ አቶ አንጁሎ፣ ዛሬ የመጣነው ስለ ሁለት ልጆች ነው፣ አንዷ የደብተሩ፣ አንዷ የቤቱ አለ።  ወደ መስኮቱ ዞርክ። ከዚያ ድምፅህ ቀጠነና፦

«አየለችን ሰጥቻለሁ። ይቺን ደግሞ ከወሰዳችሁ ጽሑፌን ማን ይገለብጥልኛል?»

ልጃገረድ እንዲህ ባለ ጉዳይ አፏን እንደማትከፍት አውቃለሁ። ግን ከጓዳ ወጣሁ።

«ኦቶና በእግር ይደረሳል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣሁ እገለብጥልሃለሁ።»

አቶ አንጁሎ አሳለው። አንተ አየኸኝ፣ መነጽርህን አወለቅክ፣ ጠረግከው፣ መልሰህ አደረግክ። ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረህ «በሉ አሁን ተቀመጡ» አልካቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ ቤታችን ውስጥ ተቀመጡ።

በዚያው ሳምንት የአየለችን ሠርግ በሰማያዊ ቀለም ጽፈህ ሰጠኸኝ፤ ገለበጥኩት። ቅዳሜ ስታነበው እናቶች እልል አሉ፤ በጥር ደግሞ የእኔ ሠርግ ሆነ። ከዚያ ወዲህ አቶ አንጁሎ ገበያ መሐል ቆሞ ሁለት ሴት በአንድ ቀን የዳርኩ እኔ ነኝ እያለ ይኩራራል። ሳሙኤልም የመጽሐፉን መጨረሻ ያስለወጥኩት እኔ ነኝ ባይ ነው። እኔም ሰባት ዓመት ሙሉ አምኜ ኖርኩ።

እንግዲህ ወደ ሳጥኑ ልመለስ። ከሁሉም ደብተሮች ሥር በክር የታሰረ አንድ ደብተር አገኘሁ። ፈታሁት፤ የአየለች ሠርግ ነው። ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው በአረንጓዴ ቀለም!

አባዬ፣ አረንጓዴው ሰኔ ላይ አልቋል። ሽማግሌዎቹ የመጡት ኅዳር ነው። አባትየው እምቢ ከማለቱ በፊት፣ አንድም ሰው ጋቢውን ለብሶ ደጃችን ሳይቆም፣ አየለችን ድረህ ጨርሰሃል። «መጨረሻውን አላውቀውም» ስትል ደብተሩ አልጋህ ሥር ነበር። አንተ ውሸታም!

ይህ ብቻ ቢሆን ስቄ እተወው ነበር። ግን ሙሽራው የሚመጣበትን አረፍተ ነገር አነበብኩ። «ሙሽራው በብስክሌት መጣ፤ እንደ ልማዱ መዝሙር እያበላሸ ያፏጫል» ይላል። ኋላ በሰማያዊ ሰርዘህበት ኤልያስን በበቅሎ አስመጣኸው። ቀና ብለህ አይተህ አታውቅም አልኩ አይደል? ወፍ ነው ስልህ፣ ወፉን በስሙ ታውቀው ነበር።

ከገጹ ጠርዝ ደግሞ በዚያችው ዶሮ በጫረችው እጅህ፣ በዚያው አረንጓዴ፣ አንዲት ማስታወሻ አለች። ሌላ ሰው ማንበብ አይችልም፤ እኔ ግን የአንተ ገልባጭ ነኝ። «ሦስቴ ይምጡ። ቶሎ ከሰጠሁ ልገላገላት የፈለግኩ ይመስላታል።»

አየለች ምንም አይመስላትም፤ እሷ ወረቀት ናት። ይህን የጻፍከው ለእኔ ነው። አልጋህ ጫፍ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ደስ ብሎኝ ነው። ሕፃኗ ልጄ ከእንቅልፏ ተነሥታ እንባዬን አይታ እሷም ስታለቅስ ሁለታችንም ሳቅን።

ለማተሚያ ቤቱ የምልከው አንተ ያነበብከውን፣ የበቅሎውን ሠርግ ነው። አረንጓዴው ደብተር እኔ ዘንድ ይቀመጣል። ለአቶ አንጁሎ አልነገርኩትም፤ አርጅቷል፣ ገበያ ውስጥ ያለችው ክብር እሷው ናት። ሳሙኤልም አይሰማም፤ አሁንም መዝሙሩን እንዳበላሸ ነው።

የልጄ ስም አየለች ነው። ይኸው ነገርኩህ። እሷም ጊዜዋ ይደርሳል፤ ልቧ የወደደው ሽማግሌ ይልካል። ያኔ አንተን አስቤ ኮቴን እቆልፍና ከዘመድ ልማከር እላለሁ፤ ሁለቴ እመልሳቸዋለሁ። ከዚያ በፊት ግን አንድ ብልቃጥ አረንጓዴ ቀለም ከአዲስ አበባ አስመጥቼ፣ መስጠቴን በደብተር ጽፌ ከሳጥኑ ሥር አስቀምጣለሁ።

ገልባጭህ ልጅህ፣
ማርታ