የአጥሩ ድንጋይና የሕፃኗ ሰማንያ ቀን

ለምወድሽ እታለሜ ሐረግ፤

እንደምን አለሽልኝ? ወገብሽስ ተሻለሽ? የቤሩት ብርድ ጠናብሽ ወይስ ለቀቀሽ? ማዳምሽ ስልክሽን መለሰችልሽ ወይስ አሁንም እንደ ንዋየ ቅድሳት ቆልፋ ታስቀምጠዋለች? እኛ ክብሩ ይስፋና በሕይወት አለን፤ "ደህና ነን" የምትለዋን ቃል ግን እስከ ነገ ሰንበት አቆይቻታለሁ። ይህን የምታደርስልሽ የጎረቤታችን ልጅ ፋጢማ ናት፤ ነገ በጠዋት ወደዚያ ስለምትነሳ የሕፃኗ ክርስትና እንዴት እንደሆነ ሳላይ መጻፌ ነው።

እኅታችን ራሄል ኅዳር 20 ሴት ልጅ እንደተገላገለች ሰምተሻል። ያልሰማሽው ከዚያ በፊት መስከረም ላይ የሆነውን ነው። አባባ የቤተ ክርስቲያኑ አጥር አሠሪ ኮሚቴ ሰብሳቢ ናቸው። ከዓባይ በረሃ በአይሱዙ ከመጣው ድንጋይ አንዱ ሲጠረብ ከሆዱ የተጠቀለለ ዛጎል ወጣ። አባባ በበሩ ግራ በኩል በዓይን ልክ አስተከሉትና የኖኅ ዘመን ውኃ ምስክር ነው ብለው አወጁ። በሳምንቱ ሰው ከበሩ አስቀድሞ ድንጋዩን መሳለም ጀመረ።

ራሄል ሆዷ ቢገፋም የባዮሎጂ መምህርነቷን ቤት ትታው አልመጣችም። በማኅበሩ ሰው ሁሉ ፊት፣ "አባባ፣ ይሄ እኮ የባሕር እንስሳ ነው፤ አገሩ ባሕር ነበር፤ ከመቶ ሚሊዮን ዓመት በላይ ሆኖታል" አለቻቸው። አባባ በመቋሚያቸው መሬቱን መቱና፣ ዓለም የተፈጠረው በስድስት ቀን ነው፣ ቀን ማለትም ጀንበር ወጥታ እስክትገባ ነው፣ ቀን ቀን ነው አሉ። "ጀንበርማ የተፈጠረችው በአራተኛው ቀን ነው፤ የፊተኞቹን ሦስቱን በምን ቆጠሯቸው?" አለች። እኔ ሳቄን በጋቢዬ አፈንኩ፤ ሌላ የሳቀ ሰው አልነበረም።

ክርስትና ሊያነሱላት ቃል የገቡት እትዬ አልታዬ እዚያው ቃላቸውን አጠፉ፤ መጽሐፍ ከሚታረምበት ቤት ልጅ አልቀበልም አሉ። አባባም ራሄል በክርስትናው ዕለት በማኅበሩ ፊት "ተሳስቻለሁ" ካላለች የቤተ ክርስቲያኑን ደጅ አልረግጥም ብለው ማሉ። እሷ ደግሞ፣ "ልጄን አቅፌ አልዋሽም፤ ዓለምን የፈጠረ እሱ ነው፤ ስንት ቀን እንደፈጀበት ግን ሪፖርት አላደረገልኝም" አለች። ባሏ ንጉሡ በሁለቱ መካከል ቃል ሲያመላልስ ጫማው አለቀ። እናታችን ብትኖር በአንድ ቁጣ ታስታርቃቸው ነበር። አባባ ልጅቱን ማየት ሲያምራቸው "ዶሮዬ ወደዚህ አልመጣችም?" እያሉ እነ ራሄል ግቢ ይገባሉ። አባባ ዶሮ እንደሌላቸው አንቺም ታውቂያለሽ።

ባለፈው ሳምንት ዓርብ፣ ሕፃኗ በተወለደች በሰባ አንደኛው ቀን፣ ትንፋሽ አጠራት። አብሽሪ፣ እስከ መጨረሻው አንብቢው። ደረቷ እንደ ወናፍ ሲነሳ ሲወድቅ ሆስፒታል አደረስናትና ኦክስጅን ሰኩላት። ግቢው ውስጥ ቆመን ሳለን አባባ ያለ መቋሚያ፣ ያለ ጋቢ፣ የነፍስ አባታችንን መምሬ ኪዳንን በእጃቸው እየጎተቱ መጡ። እትዬ አልታዬ ከኋላቸው ናቸው። "አሁኑኑ ያጥምቁልኝ!" አሉ። መምሬ ኪዳን፣ ለነፍሷ ካሰጋት ይፈቀዳል፣ ግን ሐኪሟ ትናገር፣ ሰማንያው ሊሞላ ገና ዘጠኝ ቀን ይቀረዋል አሏቸው።

"ምን ዘጠኝ ቀን ይሉኛል! በሱ ዘንድ ሺህ ዓመት እንደ አንድ ቀን አይደለም እንዴ? ቀን ማለት ምንድን ነው፣ መምሬ?"

እትዬ አልታዬ ቀና ብለው አዩዋቸው። እኔ የራሄልን አፍ ፈራሁ፤ እንዲህ ያለ ነገር ስታገኝ እንደማትምር ታውቂያለሽ። እሷ ግን እጃቸውን ያዘችና፣ "እሺ አባባ፣ ሐኪሟ ትውጣና እንዳሉት ይሁን" አለች። ከዚያ በኋላ የጠበቅነው ሁለት ሰዓት ነው ይላል የንጉሡ ሰዓት። በእኔ አቆጣጠር ስድስቱም ቀን አይበቁትም።

ሐኪሟ ወጥታ መድኃኒቱ እየሠራ ነው፣ ትንፋሿ ተመልሷል አለችን። አባባ ሦስት ጊዜ አማተቡ። ወደ መምሬ ኪዳን ዞሩና፣ "እንግዲያውስ ሰማንያውን እንጠብቃለን፤ ቀን ቀን ነው" አሉ። "ቀን ቀን ነው፣ አባባ" አለች ራሄል። ይቅርታ የጠየቀ የለም።

ሕፃኗ ረቡዕ ወደ ቤት ገባች፤ ሳሏ ግን ገና አልለቀቃትም፣ ሌሊት ሁላችንም ጆሯችን እሷ ላይ ነው። እትዬ አልታዬ ነነዌን ጾመው ሐሙስ ዕለት ባለ ሦስት ቀለም ማተብ ላኩ፤ መልእክታቸውም "ነገር ግን በዚያ ቀን ማንም ዓመት እንዳይቆጥር" የሚል ነው። አባባ መሐላቸውን አነሳሁ አላሉም። ጋቢያቸው ግን ታጥቦ ገመድ ላይ ተሰጥቷል።

ዛሬ ከሰዓት ከበሩ አጠገብ ብቻቸውን ቆመው ዛጎሉን በጣታቸው ሲዳብሱ አገኘኋቸው።

"ስንት ነው ያለችው ይቺ ልጅ?"

"ከመቶ ሚሊዮን በላይ" አልኳቸው።

ጣታቸውን ከዛጎሉ ሳያነሱ፣ "ሰማንያ ራሱ እንዴት ይረዝማል!" አሉ።

አባባ በሰላም ያገናኘን ብለውሻል። ራሄል አንገትሽን አቅፋ ትስምሻለች። ንጉሡ ጫማ ቁጥሩ አርባ አንድ መሆኑን እግረ መንገዱን ያሳስባል። እትዬ አልታዬ ጸልዪልን ብለዋል። ሕፃኗ ስም ገና ስላልወጣላት ሰላምታዋ ሳሏ ብቻ ነው፤ እኔ ግን ሰምቼዋለሁ።

ወንድምሽ ይሄነው
መካነ ሰላም፣ የካቲት 8 ቀን 2017 ዓ.ም. (በሰባ ዘጠነኛው ቀን)